የፊት ዲፈረንሻል መቼና እንዴት ይገባል?

በጋይንት ዳገትና ቁልቁለት መነሻነት ስለ ቀድሞ የጦር ካሚዮኖች ትራንስፈር ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሹፌር የጉናን ትከሻ ታክኮ ክምር ድንጋይን ካለፈ በኋላ ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ ጠባይዋንም ስሟ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የሚጠብቀው ሜዳ አይደለም። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው በጨጨሆ ጠባብ በር አልፎ ወደ ወሎ ይሻገራል፤ ወደ ደቡብ የሚያቀናው በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል ወደ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል፤ እስቴ የሚገባውም ቢሆን ዳገትና ቁልቁለት ሳይቈጥር አይደርስም። በበጋ ድንጋይና አቧራ፣ በክረምት ደግሞ ጎማ የሚውጥ ጥቁር መረሬ ያለበት አገር ነው።

ከባድ ነገርን በመንኰራኵር ላይ ጭኖ በዚህ ምድር ማሳለፍ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ በታሪክ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሳለፉት በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነበር። ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ያን ብረት ዳገቱን ሰው ከፊት በገመድ እየሳበ አወጣው፤ ቁልቁለቱንም ከኋላ እየያዘ አወረደው። ከፊት የሚስበው ማን ነው፣ ከኋላስ የሚይዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ያኔ የሰው ጉልበት ጥያቄ ነበር። ሞተር ከመጣ በኋላ ግን ጥያቄው በካሚዮኑ ሆድ ሥር ወደ ተሰቀለ አንድ የብረት ሳጥን ተዛወረ። የዚህ ንግግር ርእስ ይኸው ሳጥን፣ ማለትም ትራንስፈር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በቻይና ርዳታ የተሠራው፣ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የወረታ–ወልድያ ጎዳና ከመከፈቱ በፊት፣ ወደዚህ አገር የሚገባ ተሽከርካሪ በፊትም በኋላም የሚስብ ካልሆነ ተስፋ አልነበረውም። ጎዳናው ከተከፈተና በኋላም አስፋልት ከለበሰ ወዲህ እንኳ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ሲባል ያው የቀድሞው ምድር ይቀበላል። በሁለቱም ዘመናት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የታመኑት መኪናዎች ለጦር ሠራዊት የተሠሩት ነበሩ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት የአሜሪካ ሥሪቶች ገቡ፤ ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወዳጅነቱ ወደ ሶቭየት ኅብረት ሲዞር ሕዝቡ «ኦራል» የሚለው ኡራል፣ ዚልና ጋዝ ተከተሉ። ስለዚህ የአገራችን መካኒክ በአንድ የሥራ ዘመን ውስጥ ሁለት እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ የምሕንድስና ሐሳቦችን በእጁ መማር ነበረበት። አንደኛው መመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው በመስኮብኛ የተጻፈ ስለ ነበር፣ ትምህርቱ በአብዛኛው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተሰበረ ጥርስ የተገኘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የትራንስፈርን ሥራ ማስታወስ ይገባል። ትራንስፈር ከካምቢዮው የሚመጣውን ኀይል ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ካርዳኖዎች የሚያካፍል የማርሽ ሳጥን ነው። በብዙዎቹ ካሚዮኖች ላይ ሁለተኛም ሥራ አለው፤ ይኸውም ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛ ዝቅተኛ ማርሽ መስጠት ነው። ለኋላው ዲፈረንሻል ኀይል ዘወትር ይሄዳል። የፊተኛው ግን ሲያስፈልግ ይገባል፣ ሲያበቃ ይወጣል። ለምን ሁልጊዜ ገብቶ አይቀመጥም? ብዙ ሹፌሮች «ነዳጅ ይበላል» ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ትንሹ ምክንያት እርሱ ነው። ትልቁ ምክንያት በመታጠፊያ ላይ ይገኛል።

ካሚዮን ሲታጠፍ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ የሚረዝም ቅስት ይሄዳሉ። በፊቱ ዲፈረንሻልና በኋለኞቹ ሁለት ዲፈረንሻሎች መካከለኛ ቦታ መካከል 4 ሜትር ርቀት ያለው ካሚዮን ይወሰድ። የኋላው መካከለኛ ነጥብ በ10 ሜትር ራዲየስ ቢዞር፣ የፊቱ በ10.77 ሜትር ራዲየስ ይዞራል። ሩብ ክብ ሲታጠፍ የኋላው 15.7 ሜትር ሲጓዝ የፊቱ 16.9 ሜትር ይጓዛል፤ ልዩነቱ 1.2 ሜትር ነው። የጎማው ዙሪያ 3.3 ሜትር ቢሆን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ይልቅ ከሢሶ ዙር የበለጠ መዞር አለባቸው። የዲፈረንሻሉ ቅነሳ ስድስት ተኩል ያህል ከሆነ ደግሞ የፊት ካርዳኖ ከኋላው ካርዳኖ ሁለት ተኩል ዙር ያህል በልጦ እንዲዞር ይፈለጋል። እንደ ጨጨሆ ባለ ቦታ ፊቱን ሙሉ በሙሉ በሚያዞር መታጠፊያ ላይ ይህ ልዩነት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን ካርዳኖዎች በጥርስ አንድ ላይ ያሰረ ትራንስፈር ግን አንዲት ሩብ ዙር እንኳ አይፈቅድም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ይሄዳል? በጭቃ ላይ ጎማው ጥቂት ተንሸራቶ ዕዳውን ይከፍላል፤ ማንም አያውቅበትም። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሬቱ አይለቅም። መሪው ይከብዳል፣ ጎማው እየተፋቀ ይጮኻል፤ ካርዳኖው፣ ክሮቸራውና የትራንስፈሩ ጥርሶች እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ይወጠራሉ። ሹፌሩ የፊቱን ለማውጣት እጀታውን ሲስብም አልንቀሳቀስ ይለዋል፤ ምክንያቱም ጥርሶቹ በውጥረቱ ተጣብቀዋል። ያን ጊዜ በእግሩ የሚረግጥ፣ አልፎም በመዶሻ የሚመታ አይጠፋም። የእጀታ መታጠፍና የሹካ መሰበር ታሪክ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያውና ቀላሉ መፍትሔ የሹፌሩ እጅ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስ ጂፕ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተሠራው የጂ.ኤም.ሲ. ሁለት ቶን ተኩል ጫኝ፣ ኋላም የሶቭየቶቹ ዚል 157 እና ጋዝ 66 በዚህ ወገን ይመደባሉ። አንደኛው እጀታ የፊቱን ያስገባል፣ ሁለተኛው ከፍተኛና ዝቅተኛ ማርሽ ይመርጣል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሥራ ጥርሳም ቀለበትን አንሸራቶ ሁለት ዘንጎችን ማያያዝ ብቻ ነው። ሆኖም በሁለቱ እጀታዎች መካከል ትንሽ የመቈለፊያ ብረት ተቀምጣለች፤ የፊቱ ሳይገባ ዝቅተኛው ማርሽ አይገባም፣ ዝቅተኛው ሳይወጣም የፊቱ አይወጣም። ይህች ብረት ሹፌርን ለማስቸገር የተቀመጠች የሚመስለው ብዙ ነው። ምክንያቷ ግን ግልጽ ነው። ዝቅተኛው ማርሽ ጉልበቱን እጥፍ ያህል ያደርገዋል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ለኋላው ብቻ ቢላክ የጎማ ማዞሪያ ዘንጎቹ ይጠመዘዛሉ። ስለዚህ መሐንዲሱ «ጉልበት ካበዛህ ተካፋይም አብዛ» ብሎ በብረት ጻፈው። አሮጌ ትራንስፈር ሲታደስ ያችን ብረት «አታስፈልግም» ብሎ የሚጥል ሠራተኛ ቁጠባ ያደረገ ይመስለዋል፤ ዋጋውን ግን ሌላ ሰው ዳገት መካከል ቆሞ ይከፍላል።

ሁለተኛው መፍትሔ ከሁሉም ይልቅ ብልሃት ያለበት ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋሉት በኤም 35 ቤተሰብ ካሚዮኖች ላይ ውሳኔውን ከሹፌሩ ወስደው ለመሬቱ ሰጡት። ለፊት ካርዳኖ ኀይል በሚያወጣው ዘንግ ላይ ስፕራግ የተባለ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን አስቀመጡ። ስፕራግ በሁለት ለስላሳ ቀለበቶች መካከል የተደረደሩ፣ ወገባቸው ሰርጎድ ያለ ትንንሽ ብረቶች ስብስብ ነው። ኀይል የሚሰጠው ቀለበት ከሚቀበለው ቀድሞ ሊዞር ሲል ብረቶቹ ቀና ብለው በሁለቱ መካከል ይወጠራሉ፤ ሁለቱ ቀለበቶችም አንድ ይሆናሉ። ተቀባዩ ቀድሞ ሲዞር ደግሞ ብረቶቹ ጋደል ይላሉና ነጻ ይሆናል። ወደ ፊት የሚሄደው ኀይል ከኋላው በጥቂቱ እንዲዘገይ ተደርጎ ስለ ተሠራ፣ በደህና መንገድ ላይ የፊት ጎማዎች በመሬቱ እየተገፉ ከስፕራጉ ቀድመው ይዞራሉ፤ ምንም ኀይል አይደርሳቸውም። የኋላ ጎማዎች ጭቃ ውስጥ ሲሽከረከሩ ግን ኀይል ሰጪው ቀለበት የፊቶቹን ይደርስባቸውና ይይዛል። ሹፌሩ ምንም ሳይነካ የፊቱ ገባ ማለት ነው። የኋላዎቹ መሬት ሲይዙ ያለ ማንም ትእዛዝ ይወጣል።

መታጠፊያ ላይም ይኸው ጥቅም ይታያል። ከላይ የተሰላው ሁለት ተኩል ዙር ልዩነት የፊቱን ስለሚያስቀድም ስፕራጉ ነጻ ይለቀዋል፤ ውጥረት የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን ወደ ኋላ ሲነዳ ሁሉም ይገለበጣል፤ ወደ ፊት ነጻ ይለቅ የነበረው አሁን ይይዛል። ስለዚህ ለኋላ ማርሽ የሚያገለግል፣ አቅጣጫው የተቃረነ ሌላ ስፕራግ ተጨመረ። ከካምቢዮው የኋላ ማርሽ ጋር በብረት ማያያዣ የተገናኘ ዘዴ ተራቸውን ይለውጣል። የዚህ ካሚዮን የታወቀው በሽታ ከዚህ ይመነጫል፤ ማያያዣው በእርጅና ሲላላ ወይም በደንብ ሳይስተካከል ሲቀር፣ ካሚዮኑ ወደ ፊት እየሄደ የኋላው ስፕራግ ተይዞ ይቀራል። ያኔ የፊቱ መቅደም ሲፈልግ ይያዛል፤ መፈለጉም ዘወትር ነው። መሪው ያለ ምክንያት የከበደበት፣ ትራንስፈሩም የሚጮኽበት ኤም 35 ሲመጣ ሳጥኑን ከመፍታት በፊት ያችን ማያያዣ ማየት የብልህ ሠራተኛ ሥራ ነው።

የመፈተሻ ዘዴውም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸዋል፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው በጽኑ ድጋፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሞተሩ ይጠፋል። የፊት ካርዳኖው በእጅ ካሚዮኑ ወደ ፊት ሲሄድ በሚዞርበት አቅጣጫ ሲዞር ነጻ መሆን፣ በተቃራኒው ሲዞር መያዝ አለበት። የኋላ ማርሽ ሲገባ ደግሞ ነገሩ መገልበጥ አለበት። በሁለቱም ወገን ነጻ ከሆነ ስፕራጉ አልቋል፤ በሁለቱም ከያዘ ተጣብቋል። በኋለኞቹ የኤም 35 ሥሪቶች ላይ ይህ ሁሉ ቀርቶ ሹፌሩ በእጁ የሚከፍተው አየር የፊቱን የሚያስገባበት ዘዴ ተተካ። ይህ ለውጥ የስፕራግን ሐሳብ አያዋርደውም፤ ነገር ግን ጥገናን ከብልሃት የሚያስቀድም ሠራዊት ምን እንደሚመርጥ ያሳያል።

ዚል 131 በአየር መንገድ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪክንም ጨምሮበታል። በሹፌሩ ፊት ያለችው ማብሪያ ስትነካ ኤሌክትሪክ የአየር በር ይከፍታል፤ አየሩ በትራንስፈሩ ላይ ያለውን ጎማማ ሽፋን ገፍቶ የፊቱን ያስገባል፤ መብራትም ይበራል። አየሩ ሲለቀቅ ስፕሪንግ ይመልሰዋል። የዝቅተኛው ማርሽ እጀታ ሲገባ ደግሞ የፊቱ ማብሪያው ሳይነካ ራሱ ይገባል። እዚያ በዊሊስና በጋዝ ውስጥ ያለችው የመቈለፊያ ብረት እዚህ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሆናለች ማለት ነው፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

እዚህ ላይ የንፋስ መውጫ ከፍታ ወደ ነገሩ ይገባል። በ3,100 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ ሰባ በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ በፋብሪካው 150 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት የዚል ሞተር እዚህ ከ105 እምብዛም አይበልጥም። አየር ሞልቶ ፍሬንና ትራንስፈር የሚያገለግለው ኮምፕረሰርም ለመሙላት ይዘገያል። ጉልበት ያጣ ሹፌር ደግሞ በቆላ በከፍተኛው ማርሽ የሚወጣውን ዳገት እዚህ በዝቅተኛው ለመውጣት ይገደዳል። ዝቅተኛው ሲገባ በዚል የፊቱ ራሱ ይገባል። መንገዱ ጭቃ ከሆነ በረከት ነው። ደረቅ አስፋልት ከሆነና መታጠፊያው ከበዛ ግን ካሚዮኑ ሹፌሩ ባላዘዘው ውጥረት ውስጥ ገብቶ ዳገቱን ይጨርሳል። ስለዚህ ቀጭን አየር ጎማ ይፈጃል ቢባል እንግዳ ቢመስልም፣ የነገሩ ሰንሰለት ይኸው ነው። በዚያው ዳገት ላይ ስፕራግ ያለው ኤም 35 በዝቅተኛ ማርሽ ቢወጣም ይህ አያገኘውም።

በቁልቁለት ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ሞተር ካሚዮኑን ሲይዝ፣ ማለትም ሹፌሩ ነዳጅ ለቆ በማርሽ ሲወርድ፣ ኀይሉ ከጎማ ወደ ሞተር ይመለሳል። የፊቱ በጥርስ የተያያዘበት መኪና በሁሉም ጎማዎች ይይዛል። በስፕራጉ መኪና ግን የፊቶቹ ቀድመው እንዲዞሩ ስለሚፈቀድ መያዙ በኋላዎቹ ብቻ ይቀራል። ወደ በሽሎ በሚወርድ እርጥብ ጭቃ ላይ የኋላ ጎማዎች ብቻ ሲያዙ ይንሸራተታሉ፤ የካሚዮኑም ጅራት ወደ ገደሉ ወገን ይዞራል። በኦራል የለመደ ሹፌር ያለ ማስጠንቀቂያ በኤም 35 ላይ ሲቀመጥ ያለው አደጋ ይህ ነው፤ ጭነቱ ላይ ሰው ተሳፍሮ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የብረት ብቻ አይሆንም። በስፕራግ መኪና እንዲህ ያለውን ቁልቁለት የሚወርድ ከአፋፉ በፊት ማርሹን መርጦ፣ በሞተር ብቻ ሳይታመን ፍሬኑን በለስላሳ እየተጫነ ይወርዳል።

ኦራል ጥያቄውን በሌላ መንገድ ፈታው። በኡራል 375 ዲ፣ ኋላም በናፍጣው ኡራል 4320 ላይ የፊቱ ዲፈረንሻል ዘወትር ገብቶ ይኖራል፤ የማስገቢያ እጀታ የለውም። በትራንስፈሩ ውስጥ ግን ሌላ ዲፈረንሻል ተቀምጧል። ይህ የመካከል ዲፈረንሻል ኀይሉን እኩል አይከፍልም፤ ሢሶውን ለፊት፣ ሁለት ሢሶውን ለኋላ ይሰጣል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት ዲፈረንሻል ስላለ ለእያንዳንዱ ሢሶ ይደርሰዋል፤ ክፍፍሉ ፍትሐዊ ነው። በመታጠፊያ ላይ የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት መዞር ስለሚችሉ በአስፋልት ላይ ውጥረት አይኖርም።

የዲፈረንሻል ጠባይ ግን በፊቱም ሆነ በመካከሉ አንድ ነው፤ ኀይልን የሚሰጠው ደካማው በሚቀበለው ልክ ነው። የፊት ጎማዎች በጭቃ ቢሽከረከሩ የኋላዎቹ መሬት ቢይዙም የሚደርሳቸው የፊቶቹ እጥፍ ብቻ ነው፤ የምንም እጥፍ ደግሞ ምንም ነው። ስለዚህ የመካከሉን ዲፈረንሻል የሚቈልፍ እጀታ ተሰጠው። ጭቃው ሳይደረስበት ይቈለፋል፤ ደረቁ ላይ ሲወጣ ይከፈታል። ቈልፎ በአስፋልት የሚነዳ ሰው ኦራሉን በገዛ እጁ ወደ ዊሊስ ለውጦታል፤ ከላይ የተነገረው የመታጠፊያ ዕዳም ሁሉ ይመለስበታል።

«ነዳጅ ለመቆጠብ» የፊት ካርዳኖን ፈትቶ መንዳት በአሮጌ የጦር ካሚዮን ባለቤቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ ሐሳብ ነው። በዚል ወይም በጋዝ ላይ ቢደረግ መኪናው ይሄዳል፤ ነገር ግን ዝቅተኛው ማርሽ በገባ ቁጥር ጉልበቱ ሁሉ በኋላው ላይ ይወድቃል። መሐንዲሱ በብረትና በሽቦ የከለከለው ነገር በዳዶ መፍቻ ተፈቀደ ማለት ነው። በኦራል ላይ ሲደረግ ደግሞ የሚሆነው ያስገርማል፤ መካከሉ ካልተቈለፈ ካሚዮኑ ከነአካቴው አይንቀሳቀስም። ኀይሉ ምንም ባልያዘው በፊቱ መውጫ በኩል ያመልጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ቆሞ ይቀራል። ከተቈለፈ ይሄዳል፤ ነገር ግን ሁለት ሢሶ እንዲሸከም የተሠራው የኋላ ወገን ሙሉውን ይሸከማል። በዚህ የሚገኘው የነዳጅ ቁጠባ የአንድ የተቆረጠ ዘንግ ዋጋ እንኳ አይሞላም።

የጎማ ነገርም ቀላል አይደለም። በችግር ዘመን የተገኘውን ጎማ መግጠም ልማድ ሆኖ ቆይቷል። በፊትና በኋላ ጎማዎች ዙሪያ መካከል የሁለት በመቶ ልዩነት ቢኖር፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ እንኳ ስድስት የጎማ ዙር ያህል ልዩነት ይፈጥራል። የፊቱ በጥርስ ከተያያዘ መታጠፊያ ሳያስፈልግ ውጥረቱ ይጀምራል። በስፕራጉ ላይ ውጤቱ ይበልጥ የተሰወረ ነው። ያረጁት ጎማዎች ከኋላ ከተገጠሙ የኋላው ዘወትር ፈጥኖ ስለሚዞር ስፕራጉ በደረቅ መንገድም ሳይቀር ተይዞ ይኖራል። ያረጁት ከፊት ከሆኑ ደግሞ የፊቱ ለመግባት ይዘገያል፤ የኋላዎቹ ጭቃው ውስጥ ብዙ ከተሽከረከሩ በኋላ ነው የሚደርስላቸው። አንድ ዓይነት ጎማ ማግኘት ካልተቻለ ቢያንስ ዙሪያቸውን በገመድ ለክቶ፣ የጎማ ንፋሳቸውንም አስተካክሎ ማደላደል ያስፈልጋል።

በጥርስ የሚገባው የፊት ዲፈረንሻል ተወጥሮ አልወጣ ሲል መዶሻ አያስፈልግም። ካሚዮኑ መሪው ቀጥ ተደርጎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይነዳል፤ ውጥረቱ በመጣበት መንገድ ይፈታል። ከመንገዱ ዳር ልል ጠጠር ካለ አንዱን ወገን ጎማ በዚያ ላይ ማሳለፍም ይረዳል። ከዚያም ነዳጁ ተለቆ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ እጀታው በሁለት ጣት ይወጣል።